በቍጥር የሚታዘዝ መኪና አጭር ታሪክ

ብረትን ወይም እንጨትን በተፈለገው ቅርጽ ለመቍረጥ ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ስለት ነው፤ ሁለተኛው ስለቱን የሚያንቀሳቅስ ኃይል ነው፤ ሦስተኛው ስለቱ ወዴትና ምን ያህል መሄድ እንደሚገባው የሚያውቅ አሳብ ነው። ስለትን የሰው ልጅ ከድንጋይ ዘመን ጀምሮ አግኝቶታል። ኃይሉንም ከክንዱ፣ ከከብቱ፣ ከወንዝ ውሃ፣ ከእንፋሎትና ከኤሌክትሪክ በየተራ አመጣው። ሦስተኛው ነገር ግን ለብዙ ሺህ ዓመታት ከባለ እጁ ራስ ሳይወጣ ኖረ። ባለ እጁ ሲያረጅ ጥበቡ አብሮት ያረጃል፤ ለልጁ ወይም ለደቀ መዝሙሩ ካላስተማረው በቀር ሲሞትም አብሮት ይቀበራል።

ይህ ጽሑፍ ያ አሳብ ከሰው ራስ ወጥቶ በመጀመሪያ በወረቀት ቀዳዳ፣ ቀጥሎም በኮምፒዩተር ቍጥር እንዴት እንደ ተጻፈ፣ በመጨረሻም ከታላላቅ ፋብሪካዎች ወጥቶ በአንድ ሰው የቤት ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደ ደረሰ ባጭሩ ያስረዳል። ይህ መኪና ዛሬ ሲ ኤን ሲ ይባላል፤ ትርጓሜውም በኮምፒዩተር አማካይነት በቍጥር የሚታዘዝ ማለት ነው። መኪና ስንል የልብስ ስፌት መኪና እንደምንለው ነው እንጂ በመንገድ ላይ የሚሄደውን ማለታችን አይደለም። ዓመተ ምሕረቱም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

የሐር ክርና ባለ ቀዳዳው ካርቶን

በአገራችን ሸማኔ ጥለት ሲጥል የትኛው ክር እንደሚነሣና የትኛው እንደሚቀር እየቈጠረ በልቡ ይይዘዋል። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ የነበሩ የሐር ሸማኔዎች ግን የሚሠሩት አበባና ቅጠል እጅግ የተወሳሰበ ስለ ነበረ፣ ክሮቹን በገመድ እየሳበ የሚያነሣ ረዳት ያስፈልጋቸው ነበር። ረዳቱ አንዱን ገመድ ቢሳሳት ሥራው ይበላሻል። በ1725 ዓ.ም. ባዚል ቡሾን የተባለ የሊዮን ሰው የሚነሡትን ክሮች በተበሳ የወረቀት ጥቅል ላይ መልክቶ ማስቀመጥን ፈለሰፈ። ፋልኮን የተባለው ሰው ደግሞ ጥቅሉን እርስ በርሱ በተያያዘ ካርቶን ለወጠው። በመጨረሻም ጆዜፍ ማሪ ዣካር ከእርሱ በፊት የነበሩትን ሰዎች አሳብ አንድ ላይ አገናኝቶ፣ በ1804 ዓ.ም. ገደማ እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን መሸመኛ ሠራ።

የመሸመኛው አሠራር ለመረዳት አይከብድም። አንድ ካርቶን ለአንድ የማግ ረድፍ ነው። በካርቶኑ ላይ ቀዳዳ ባለበት ስፍራ መርፌው ያልፋል፤ ክሩም ይነሣል። ቀዳዳ በሌለበት መርፌው ይገታል፤ ክሩም በቦታው ይቀራል። ዣካር በ1834 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ፣ በ1839 ዓ.ም. መልኩ በሐር ተሸምኖ ነበር፤ ለዚያ አንድ ሥዕል 24,000 ያህል ካርቶን አስፈልጓል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ባቤጅ ከዚህ ሥዕል አንዱን በቤቱ ያኖረው ነበር። እርሱ ላሰበው ታላቅ የማስሊያ መኪናም ትእዛዝ የሚሰጠው በዚሁ ዓይነት ካርቶን እንዲሆን ወሰነ። መኪናው በሕይወቱ ዘመን ተሠርቶ ባያልቅም፣ መሸመኛና ኮምፒዩተር ዝምድናቸው ከዚህ ይጀምራል።

ይሁን እንጂ ካርቶኑ የሚናገረው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ይነሣ ወይም ይቅር። ብረት ለሚቈርጥ ሰው ይህ አይበቃውም። እርሱ የሚጠይቀው ምን ያህል ልሂድ ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው ደግሞ ብሎን ነው።

ብሎን ልክ ሲሆን

በ1800 ዓ.ም. ገደማ በለንደን ከተማ ሄንሪ ሞድስሌይ የተባለ ባለ እጅ፣ ስለቱን በእጅ ከመያዝ ይልቅ በጠንካራ መያዣ ላይ አስሮ፣ መያዣውን በረጅም ብሎን የሚያንቀሳቅስ ቶርኖ ሠራ። የብሎኑ ጥርስ እኩል ከሆነ ነገሩ ሁሉ ልክ ይኖረዋል። ብሎኑ አንድ ጊዜ ሲዞር መያዣው 5 ሚሊሜትር የሚሄድ ከሆነ፣ ግማሽ ዙር 2.5 ሚሊሜትር ነው፤ መቶኛው ዙር ደግሞ 0.05 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ጊዜ ርቀት ወደ ዙር፣ ዙርም ወደ ቍጥር ተለወጠ። በእኛም አገር ወደ ቶርኖ ቤት የገባ ሰው ባለሙያው በመዘውሩ ዙሪያ የተቀረጹትን መስመሮች እየተመለከተ ሲያዞር ያያል፤ የሚያነበው ያንኑ ቍጥር ነው።

ከዚያ በኋላ መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል መኪናዎቹ እየጠነከሩና እየፈጠኑ ሄዱ፤ መዘውሩን የሚያዞረው ግን የሰው እጅ ነበር። አንድ ቀጥ ያለ መስመር መቍረጥ ቀላል ነው። ክብና ጠማማ ቅርጽ ለማውጣት ሁለት መዘውሮችን በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱንም በተለያየ ፍጥነት ማዞር ያስፈልጋል። ይህን ለማድረግ ሁለት እጅ ብቻ ያለው ሰው እጅግ ይቸገራል።

የሄሊኮፕተሩ ክንፍና ሦስቱ ሰዎች

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በትራቨርስ ሲቲ ከተማ፣ ጆን ፓርሰንስ የተባለ ሰው ለሲኮርስኪ ኩባንያ የሄሊኮፕተር ተሽከርካሪ ክንፍ ይሠራ ነበር። የክንፉን ቅርጽ ለመፈተን የሚያገለግል የብረት ልክ መሥራት ያስፈልገዋል። ከኩባንያው የሚሰጠው ግን የ17 ነጥቦች ልክ ብቻ ነው፤ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ጠማማ መስመር የሚሞላው ሠራተኛው በዓይኑና በእጁ ነው።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ፓርሰንስ ፍራንክ ስቱለን የተባለ መሐንዲስ ቀጠረ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ለሒሳብ መዝገብ ሥራ የተሠራውን የአይ ቢ ኤም ባለ ካርድ ማስሊያ ወስደው የነጥቦቹን ቍጥር ከ17 ወደ 200 ለማድረስ ቻሉ። ነጥቦቹ ከበዙ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት እጅግ ትንሽ ስለሚሆን በሞረድ ማስተካከል ይቻላል። አቈራረጡም እንዲህ ነበር፤ አንድ ሰው ወረቀቱን ይዞ ቍጥሮቹን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ሁለተኛው ግራና ቀኝ የሚወስደውን መዘውር ያዞራል፤ ሦስተኛው ፊትና ኋላ የሚወስደውን ያዞራል። ሁለቱም በተባለው ቍጥር ላይ ሲደርሱ ስለቱ ይወርዳል። ከዚያ ቀጣዩ ቍጥር ይነበባል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሥዕል በልብህ ያዝ። አንዱ ያነባል፤ ሁለቱ ያዞራሉ። ፓርሰንስ ይህን አይቶ፣ ቍጥሩ በካርድ ላይ ከተጻፈ አንባቢው ለምን ሰው ይሆናል፣ መዘውሩንስ ለምን ሞተር አያዞረውም ብሎ አሰበ። በ1949 ዓ.ም. የአሜሪካ አየር ኃይል ለዚህ አሳብ ገንዘብ ሰጠው። ሞተሮችን በትክክል የመቈጣጠር ዕውቀት ግን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ስለ ነበረ ሥራውን ከተቋሙ ጋራ ተዋዋለ። የተቋሙ ሊቃውንት ከእርሱ አሳብ የሰፋ ዕቅድ አወጡ፤ በነጥብ ላይ ብቻ መውረድን ትተው፣ ስለቱ በሦስት አቅጣጫ በአንድ ጊዜ ሳያቋርጥ እንዲሄድ ፈለጉ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ከአየር ኃይሉ ጋራ በቀጥታ ተዋውለው አሳቡን ያመነጨው ሰው ከሥራው ውጭ ሆነ።

በመስከረም 1952 ዓ.ም. ተቋሙ መኪናውን ለሕዝብ አሳየ። ብረት የሚፍቀው ሚሊንግ መኪና ሲንሲናቲ በሚባለው ፋብሪካ የተሠራ ነበር። ትእዛዙ የሚጻፈው በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ላይ ነው። ጥብጣቡን የሚያነበው ክፍል ደግሞ በጥንቱ ራዲዮ ውስጥ እንዳለው ያሉ በመቶ የሚቈጠሩ የመስታወት ቱቦዎች የያዘ፣ ከሚያዘው መኪና ራሱ የሚበልጥ ቁም ሣጥን ነበር። ፓርሰንስና ስቱለን በ1952 ዓ.ም. ያቀረቡት የፈጠራ መብት ጥያቄ በ1958 ዓ.ም. ተፈቀደላቸው፤ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የቴክኖሎጂ ሜዳይ ሸለማቸው።

ባለ እጁና ባለ ቍጥሩ የተለያዩበት ጊዜ

በዚያው ዘመን ሌላ መንገድም ተሞክሮ ነበር። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲሶች አንድ የሠለጠነ ባለሙያ የመጀመሪያውን ዕቃ በእጁ ሲሠራ እንቅስቃሴው በማግኔት ጥብጣብ ላይ እንዲቀዳ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ጥብጣቡ ሲጫወት መኪናው የባለሙያውን እጅ እየደገመ ይሠራል። በዚህኛው መንገድ ጥበቡ የሚመነጨው ከባለ እጁ ነው፤ በማሳቹሴትሱ መንገድ ግን የሚመነጨው በቢሮ ከተቀመጠው ባለ ሒሳብ ነው።

በመጨረሻ የገነነው ሁለተኛው መንገድ ነው። ለምን ቢባል የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። ዴቪድ ኖብል የተባለው አሜሪካዊ በ1984 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፣ የፋብሪካ ሹማምንት ሥልጣኑን ከሠራተኛው እጅ ወስደው ወደ ቢሮ ለማዛወር ስለ ፈለጉ ነው ሲል ተከራክሯል። ሌሎች ደግሞ የአውሮፕላኑ ቅርጽ በማንም እጅ ሊመራ የማይችል፣ በሒሳብ ብቻ የሚገኝ ስለ ነበረ ነው ይላሉ። ሁለቱም በኩል እውነት ያለበት ይመስላል። የቀጅው መንገድም ቢሆን ለባለ እጁ ዋስትና አልነበረም። በዚያው በ1952 ዓ.ም. ደራሲው ከርት ቮነጉት በጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሠራ በነበረበት ጊዜ ካየው መኪና ተነሥቶ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ። በመጽሐፉ ውስጥ የአንድ ብልህ ሠራተኛ የእጅ እንቅስቃሴ ከተቀዳ በኋላ ሠራተኛው ራሱ የማይፈለግ ሆኖ ይቀራል።

እንግዲህ መኪናው ሲወለድ ሰውን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ቍጥሩን የሚጽፍ ነው፤ ብረቱን አይነካም። ሁለተኛው ብረቱን በመኪናው ላይ የሚያስር ነው፤ ቍጥሩን አያነብም። የመኪናው ዋጋ እጅግ ውድ ስለ ነበረም በግሉ ገዝቶ ሁለቱንም ሥራ ልሥራ የሚል ሰው ሊኖር አልቻለም።

ለመኪናው የተሠራለት ቋንቋ

በጥብጣቡ ላይ ቍጥር መጻፍ ራሱን የቻለ ድካም ነበር። ስለዚህ በማሳቹሴትስ ዳግላስ ሮስ የሚመራው ቡድን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ኤ ፒ ቲ የተባለ ቋንቋ ሠራ። ጸሐፊው ቅርጹን በቃላት ሲገልጽ ኮምፒዩተሩ ስለቱ የሚሄድበትን መንገድ ያሰላለታል። በ1959 ዓ.ም. ሥራው ለጋዜጠኞች ሲገለጥ፣ ለእያንዳንዱ እንግዳ በዚሁ መንገድ የተቈረጠ የአሉሚኒየም ሲጋራ መተርኰሻ ተሰጠው።

ለመኪናው በቀጥታ የሚሰጠው ትእዛዝ ግን ከዚያ ያጠረ ነው። ጂ ኮድ ይባላል፤ በአሜሪካ በ1980 ዓ.ም. የጸደቀው ደንብ አርኤስ 274 ዲ ተብሎ ይታወቃል። ለምሳሌ አንድ ትእዛዝ እንዲህ ይላል፤ ጂ 1፣ ኤክስ 40፣ ዋይ 25፣ ኤፍ 300። ይህም ማለት እየቈረጥህ በቀጥታ መስመር በአንዱ አቅጣጫ ወደ 40፣ በሌላው ወደ 25 ሚሊሜትር ነጥብ ሂድ፤ ፍጥነትህም በደቂቃ 300 ሚሊሜትር ይሁን ማለት ነው። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ ነጥብ የምናኖርበት ትምህርት ይኸው ነው። የጥንቱ አንባቢ ለሁለቱ መዘውር አዟሪዎች ይጮኽላቸው የነበረው ቍጥርም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ኮምፒዩተሩ ወደ ቤት ሲገባ

በ1971 ዓ.ም. ኢንቴል የተባለው ኩባንያ የኮምፒዩተርን የማስሊያ ክፍል በአንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ አድርጎ ሸጠ። የቁም ሣጥኑ ዘመን ከዚህ በኋላ ማለቅ ጀመረ። በ1981 ዓ.ም. አይ ቢ ኤም ለግል ሰው የሚሆን ኮምፒዩተር አወጣ። በዚህ ኮምፒዩተር ላይ የማተሚያ መኪና የሚታሰርበት 25 ቀዳዳ ያለው መሰኪያ ነበረው። የቤት ውስጥ ባለ እጆች በኋላ ልዩ ጥቅም ያገኙበት ይህ መሰኪያ ነው።

መሰኪያው ከ2 እስከ 9 በተቈጠሩት ቀዳዳዎች ስምንት ምልክቶችን ያወጣል፤ እያንዳንዱ ምልክት 5 ቮልት ነው ወይም ባዶ ነው። በ10፣ በ11፣ በ12፣ በ13 እና በ15 ደግሞ ከውጭ ምልክት ይቀበላል። ከ18 እስከ 25 ያሉት የመሬት ሽቦዎች ናቸው። ለማተሚያ የታሰበው ምልክት ለሞተርም ሊያገለግል ይችላል። ሞተሩ ስቴፐር የሚባለው ዓይነት ነው፤ እንደ ሌሎች ሞተሮች ዝም ብሎ አይሽከረከርም፤ አንድ የኤሌክትሪክ ምት ሲመጣለት አንድ እርምጃ ዞሮ ይቆማል። ብዙውን ጊዜ በ200 እርምጃ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ለአንድ ሞተር ሁለት ሽቦ ይበቃዋል፤ አንዱ እርምጃውን፣ ሁለተኛው አቅጣጫውን ይነግረዋል። ሦስት ሞተሮች ስድስት ሽቦ ይፈልጋሉ። ከስምንቱም ገና ሁለት ይተርፋል።

ነገር ግን የኮምፒዩተሩ ምልክት እጅግ ደካማ ስለ ሆነ ሞተርን ሊያዞር አይችልም። ስለዚህ በመካከል ሁለት ነገሮች ይገባሉ። የመጀመሪያው ማከፋፈያ ሰሌዳ ነው፤ ምልክቶቹን ለየሞተሩ ያደላል፤ ደህና የተሠራ ከሆነም ከሞተሩ በኩል የሚመጣ አደገኛ ኃይል ወደ ኮምፒዩተሩ እንዳይመለስ በብርሃን ብቻ የሚሻገር መለያ አለው። ሁለተኛው ድራይቨር የሚባለው ሰሌዳ ነው፤ ከኃይል ሰጪው ብዙ ኃይል ተቀብሎ በምልክቱ ትእዛዝ ለሞተሩ ይሰጠዋል። አንዱንም እርምጃ እንደ ፍላጎታችን በ8 ወይም በ16 ሊከፍለው ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ሞተሩ በዙር 200 እርምጃ አለው፤ ድራይቨሩ በ8 ሲከፍለው 1,600 ይሆናል። ብሎኑ በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር ከሄደ፣ 1,600 ለ5 ሲካፈል ለአንድ ሚሊሜትር 320 ምት ይደርሳል። ይህ ቍጥር በፕሮግራሙ ውስጥ ይጻፋል። ከዚያም መኪናው 100 ሚሊሜትር እንዲሄድ ታዝዞ በመለኪያ ይፈተናል። የሄደው 50 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ስሕተቱ የት እንዳለ ማወቅ ይቻላል፤ ድራይቨሩ በ8 ሳይሆን በ16 ተስተካክሎ ይሆናል።

ጊዜን መጠበቅ

ትልቁ ችግር ሌላ ነበር፤ እርሱም ጊዜ ነው። መኪናው በሴኮንድ 20 ሚሊሜትር እንዲሄድ ከተፈለገ፣ ከላይ ባየነው ሒሳብ በሴኮንድ 6,400 ምት ያስፈልገዋል። በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ያለው ጊዜ 156 ማይክሮ ሴኮንድ ያህል ነው። የቢሮ ኮምፒዩተር ግን ብዙ ጉዳይ ያለበት ሠራተኛ ነው። ስክሪኑን ያድሳል፣ መዝገብ ያነባል፣ የቁልፍ ሰሌዳውን ይጠባበቃል። ለአንድ ሺኛ ሴኮንድ ፊቱን ቢያዞር ስድስት ምት ያመልጠዋል። ሞተሩም በሩጫ ላይ እንደ ተደናቀፈ ሰው እርምጃውን ይስታል። ይልቁንም የሚያስፈራው፣ ኮምፒዩተሩ ይህን አለማወቁ ነው። ምቱን ሰድጃለሁና ሞተሩ ደርሷል ብሎ ያምናል፤ ከዚያ በኋላ የሚቈረጠው ሁሉ ከቦታው የተዛነፈ ይሆናል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከሰጡት አንዱ በሜሪላንድ የሚገኘው የአሜሪካ መንግሥት የልክና የደረጃ ተቋም ነው። ተቋሙ በ1990ዎቹ ዓመታት በተራ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ የመኪና መቈጣጠሪያ ፕሮግራም አዘጋጀ። በአሜሪካ ሕግ የመንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው የጻፉት ነገር የማንም ንብረት ስላልሆነ ፕሮግራሙ ለሁሉ ክፍት ሆነ። በየአገሩ ያሉ ባለ እጆች ተቀብለው እያሻሻሉ አሳደጉት፤ ዛሬ ሊኑክስ ሲ ኤን ሲ ተብሎ ይጠራል። ይህ ፕሮግራም በሚሠራበት የሊኑክስ ዓይነት ላይ የሞተሩ ምት ከሌላው ጉዳይ ሁሉ ይቀድማል። አዘጋጁም መኪናውን ከማሰሩ አስቀድሞ ኮምፒዩተሩ ቢበዛ ምን ያህል ማይክሮ ሴኮንድ እንደሚዘገይ በፈተና ይለካዋል። ኃይል ለመቈጠብ የተሠሩ ልማዶች፣ ይኸውም ሳይሠራ ሲቀር ማንቀላፋትና ፍጥነትን መቀነስ፣ መዘጋት አለባቸው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ አሮጌ ኮምፒዩተር ከአዲስ ላፕቶፕ ይልቅ ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባለ 25 ቀዳዳው መሰኪያ ከአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ እየጠፋ ሄደ። በምትኩ የመጣው ዩ ኤስ ቢ መልእክትን እየሰበሰበ በእሽግ የሚልክ ስለ ሆነ ለምት አይመችም። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። በ2005 ዓ.ም. በጣልያን አገር በኢቭሪያ ከተማ ለተማሪዎች መማሪያ አርዱዪኖ የተባለች ትንሽ ሰሌዳ ተሠርታ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የተባለ ኖርዌያዊ በዚህች ሰሌዳ ላይ የሚሠራ ጂ አር ቢ ኤል የተባለ ፕሮግራም ጻፈ፤ እርሱንም ለሁሉ ክፍት አደረገው። ኮምፒዩተሩ የትእዛዙን መስመር ብቻ በዩ ኤስ ቢ ይልካል፤ ሰሌዳዋ ተቀብላ ምቱን በጊዜው ትመታለች። የሰሌዳዋ መዝገብ 32 ኪሎ ባይት ብቻ ሲሆን፣ በሴኮንድ እስከ 30,000 ምት ትሰጣለች። ሌላ ጉዳይ የላትምና አትዘናጋም። በ1952 ዓ.ም. የነበረው ቁም ሣጥን ዛሬ በእጅ መዳፍ ላይ ይቀመጣል።

ታዛዥ መኪናና አስተዋይ ሰው

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ምን እንማራለን? በትራቨርስ ሲቲ ሦስት ሰዎች የነበሩትን እናስታውስ፤ አንዱ ያነብ ነበር፣ ሁለቱ ያዞሩ ነበር፤ ከበስተኋላቸውም ቍጥሩን ያሰላ መሐንዲስ ነበረ። ዛሬ በቤቱ ትንሽ መኪና የሠራ ሰው አራቱንም ሰዎች ሆኖ ይሠራል። ቅርጹን ይሥላል፣ ያሰላል፣ ሽቦውን ያስራል፣ ብረቱንም ያጠብቃል። በ1950ዎቹ ዓመታት የተለያዩት ባለ እጅና ባለ ቍጥር በአንድ ሰው ውስጥ እንደገና ተገናኝተዋል።

ሲገናኙም አንዱ ከሌላው ውጭ እንደማይበቃ በግልጥ ይታያል። ቍጥሩ ልክ ቢሆን እንኳ፣ መኪናው ብረቱ መላላቱን አያውቅም፤ ስለቱ መደንዘዙንም አያውቅም። ባለ እጁ ግን ከድምፁና ከሚወጣው ፍቅፋቂ መልክ ይለየዋል። በሌላ በኩል እጁ የሠለጠነ ሆኖ ሒሳቡን ያልተማረ ሰው ከ320 ይልቅ 32 ጽፎ ሥራው ሁሉ ለምን እንደ ተበላሸ ሊያገኘው አይችልም። መኪናው ትክክለኛውንም የተሳሳተውንም ቍጥር በእኩል ታማኝነት ይፈጽማል።

ለዚህም ነው የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው ቁልፍ ለኮምፒዩተሩ አቁም ብሎ በመለመን ብቻ እንዳይወሰን የሚመከረው፤ የሞተሮቹንና የስለቱን ኃይል ራሱ መቍረጥ ይገባዋል። በዳርና በዳር የሚደረጉት ማቆሚያዎችም በደህናው ጊዜ ኤሌክትሪኩ በውስጣቸው እንዲያልፍ ሆነው ይታሰራሉ። እንዲህ ከሆነ ሽቦው ቢበጠስ መኪናው አደጋ እንደ ደረሰ ቈጥሮ ይቆማል፤ ያለዚያ የተበጠሰው ሽቦ ሳይታወቅ ይኖርና በሚያስፈልግበት ሰዓት ከድቶ ይገኛል። የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርጉ ወደ መኪናው መቅረብም አይገባም።

በአገራችን ቀጥቃጩና ሸማኔው በእጃቸው ሥራ የተነሣ ይናቁ የነበረበት ዘመን መኖሩን ወላጆቻችን ያውቃሉ። ያ ንቀት ዛሬም ሌላ ልብስ ለብሶ ወደ ክፍላችን ይገባል፤ ሒሳብ የሚያውቀው ዎርክሾፕ መግባትን ያንስብኛል ሲል፣ ዎርክሾፕ የሚወደው ደግሞ ሒሳብ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ሲል ነው። ከዚህ በላይ የተጻፈው ታሪክ ለሁለቱም መልስ ይሰጣል። ፓርሰንስ ያለ ስቱለን ስሌት 17 ነጥብ ይዞ ይቀር ነበር፤ የስቱለንም 200 ነጥብ መዘውር የሚያዞር እጅ ባይኖር ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር።

ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ዓመት እኛ ተማሪዎች ልንጀምረው የምንችለው ነገር ሩቅ አይደለም። በየቢሮው ጥግ የተጣለ አሮጌ ኮምፒዩተር፣ ከተበላሸ ማተሚያ ውስጥ የሚወጣ ስቴፐር ሞተር፣ አንድ ልኩ የታወቀ ብሎንና ለሁሉ ክፍት የሆነው ፕሮግራም ለመማሪያ ይበቃል። የመጀመሪያው ሙከራ ስለት አያስፈልገውም፤ በስለቱ ቦታ እርሳስ ታስሮ በወረቀት ላይ አንድ ክብ ቢሥል ይበቃል። ክቡ ተጀምሮበት ወደ ነበረው ነጥብ በትክክል ቢመለስ ሒሳቡም እጁም ደህና ሠርተዋል ማለት ነው፤ ሳይገናኝ ቢቀር ግን ስሕተቱ ከስሌቱ ወይም ከሽቦው መሆኑን ሁለቱም ዓይነት ተማሪዎች አብረው ተቀምጠው ይፈልጉት።